የድምፅና የምስል መቅጃ በጎንደር ሙዚቀኛ እጅ

ስለ አገራችን ሙዚቃ ታሪክ በየጊዜው የሚወጡ ጽሑፎች ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ግጥሙና ስለ ዜማው በሰፊው ሲያትቱ፣ ዘፈኑን ከአፍ ተቀብሎ ለነገ ያቆየውን መሣሪያ ግን እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ቆጥረው ያልፉታል። ይሁንና መቅጃ መሣሪያ የሰጡትን ዝም ብሎ የሚቀበል ዕቃ ሆኖ አያውቅም። የዘፈኑን ርዝመት ወስኗል፤ የማን ድምፅ እንዲሰማና የማን ድምፅ እንዲቀር ወስኗል፤ ከሁሉም በላይ ቅጂው በማን እጅ እንደሚቀር ወስኗል። ዛሬ ከሙያ ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ኮምፒዩተርና ቪዲዮ ካሜራ ለመግዛት ሲያስቡ ምክር የሚጠይቁት ወይ ሻጩን ወይ በውጭ አገር የሚኖረውን ዘመድ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን አስቀድሞ ለታሪክ ያቀርባል፤ ከዚያም ወደ ገበያው ይመለሳል።

ምሳሌውን ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ማምጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ከተማና በዙሪያው ባለ ደጋ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ የድምፅ ሙያዎች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ እነርሱም የቤተ ክርስቲያኑ አቋቋም፣ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ እንዲሁም ገና ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ ምጽዋት የሚጠይቁት የላሊበሎች ዜማ ናቸው። ሦስቱም በመቅጃ መሣሪያ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ የራሱን መያዣ አስቀድሞ ያበጀው የቤተ ክህነቱ ሙያ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንደ ደነገጉ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች በብራና ላይ ከቃሉ ጋር ተጽፈው ዜማውን ለተማረ ሰው ማስታወሻ ይሆኑታል። ከመምህር እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው ግን ምልክቱ አይናገርም። ይህ ለእኛ ጉድለት ሳይሆን ታስቦ የተበጀ ወሰን መስሎ ይታየናል፤ መያዣውን የሠራው ባለሙያው ራሱ ስለ ነበረ፣ ምኑን በጽሕፈት እንደሚያኖርና ምኑን ለመምህሩ እንደሚተው የወሰነውም እርሱ ነው። የመቋሚያው ዝማሜ፣ የጸናጽሉና የከበሮው አመታት ግን ከሰው ወደ ሰው በዓይንና በአካል የሚተላለፍ ነው፤ የአቋቋም ምስክር የሆነው የጎንደር በዓታም ሙያውን ያቆየው በዚሁ መንገድ ነው።

አዝማሪው ብራና አልነበረውም። ብራና ቢኖረውም እንኳ ሙያው በብራና የሚያዝ አልነበረም፤ ምክንያቱም የአዝማሪ ዘፈን ግማሹ ያለው በታዳሚው አፍ ውስጥ ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ቃሉን ከዜማው ጋር አጋጥሞ፣ ቤቱ ቢጎድል ሞልቶ፣ ሰሙን ለሁሉ ወርቁን ለሚገባው አድርጎ ይመልሰዋል። የተመሰገነው ይሸልማል፤ የተነካው ይስቃል ወይም ሌላ ግጥም ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የአዝማሪን ዘፈን ቀዳሁ የሚል መሣሪያ አዝማሪውን ብቻ ቀድቶ ከሆነ የቀዳው የዘፈኑን እኩሌታ ነው። የሚከተለው ታሪክ አብዛኛው የዚህ እኩሌታ ታሪክ ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ ላይ የተቀረጸበት የመጀመሪያው ዘመን ከ1908 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር የተላኩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እዚያው ሳሉ ዘፈኖቻቸውን ለሸክላ አስቀረጹ። (በእግር ኳሱ ዓለም ስማቸው የታወቀው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አባት እኚህ ናቸው።) የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን በሸክላ ሥራ ላይ የዋለው ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሆነ፣ ነጋድራስ ተሰማ የዘፈኑት በትልቅ ጡሩባ አፍ ፊት ቆመው ነው። በጡሩባው ጫፍ ያለው መርፌ የድምፁን ንዝረት በሰም ላይ ይቆፍራል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ነው። ታዳሚ የለም፤ «ተቀበል» የሚል የለም፤ እስኪነጋ ሊዘልቅ የሚችለው ጨዋታ በ4 ደቂቃ ውስጥ ተቆርጦ ቀረ። ይህን ስንል ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም። እነዚያ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ 27ኛ ቅጽ ላይ እንደ ገና ታትመው ለመሰማት በቅተዋል፤ ያ ባይሆን ኖሮ የዘመኑን የአዘፋፈን ስልት በግምት ብቻ እናወራው ነበር። ነገር ግን የቆይታውን ልክ የወሰነው ዘፋኙ አልነበረም፤ የሰሙ ስፋት ነው።

በጎንደር ከተማ ራሷ የተደረገውን ሥራ ስንመለከት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በሐምሌ ወር 1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ እስከ ታኅሣሥ ቆየ። ከጓዱ አባላት አንዱ የነበሩት ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ በወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት የዛር ሥርዓት ሲከተሉ ከረሙ፤ የዛሩን ዘፈን በአማርኛ እየጻፉ የያዙላቸው ደግሞ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ ከጊዜ በኋላ በ1958 እ.ኤ.አ. በጎንደር ዛር ላይ ያሳተሙት ጥናት መሠረቱ ያ የደብተር ጽሕፈት ነው። ከዓለም አውራ ከተሞች ከአንዱ በመጣ፣ ስንቅና ትጥቁ ሙሉ በሆነ ጓድ ውስጥ ፍሬ ያፈራው እርሳስና ደብተር መሆኑ ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። እርሳስ አይጮኽም፤ መብራት አይፈልግም፤ ታዳሚውንም አያስወጣም። ቋንቋውን የሚያውቀው አባ ጀሮም ደግሞ ከታዳሚው መካከል ተቀምጦ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ይጽፍ ነበር። ዜማው ግን በደብተር አልተያዘም።

ድምፁ በቴፕ በተያዘበት ዘመን የተደረገ አንድ ሥራ ደግሞ የቅጂን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ ያሳየናል። ፕሮፌሰር ኬይ ካፍማን ሸለሜይ በ1973 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ በአምቦበር መንደር የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ ቀዱ፤ ጥናታቸውንም በ1986 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚህ መካከል ከ1984 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ፣ በይበልጥም በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ያ ማኅበረሰብ በአመዛኙ ወደ እስራኤል ሄደ። ዜማው በተወለደበት ደጋ ላይ ሲዜም የተቀዳበት ቴፕ ከዚያ በኋላ ሊደገም የማይችል ሆነ። ቀጂዋ ይህ ይመጣል ብለው አልነበረም የቀዱት፤ በጊዜው የሚገባቸውን ያህል በጥንቃቄ ቀዱ፣ በጥንቃቄም አስቀመጡ። እዚህ ላይ መሣሪያው መቅጃ ብቻ ሳይሆን ማስቀመጫም መሆኑን እንረዳለን።

በአዲስ አበባ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው፤ በሌሎች ጽሑፎች በበቂ ሁኔታ ተነግሯል። በ1940 ዓ.ም. በወጣው ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አቶ አምሃ እሸቴ ይህን ወሰን ጥሰው አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ፤ ሸክላዎቹ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ታትመው ይመለሱ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ አደበዘዘው፤ ሸክላም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለካሴት ስፍራውን ለቀቀ።

ካሴት ለክፍለ ሀገር ሙዚቀኛ የተለየ ነገር ነበር። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ትንሽ ዕቃ አንዱ ገጹ 30 ደቂቃ፣ ሲረዝምም 45 ደቂቃ ይይዛል፤ መቅጃውም በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የ4 ደቂቃው አጥር ፈረሰ። በጎንደር አራዳም ሆነ በደባርቅ ገበያ አንድ ቴፕ ያለው ሰው የሠርጉን ዘፈን ከነእልልታው፣ የአዝማሪውን ጨዋታ ከነተቀበሉ መቅዳት ቻለ። ይሁን እንጂ ቴፑ በአብዛኛው የአዝማሪው አልነበረም፤ የሙዚቃ ቤቱ ወይም የሠርገኛው ነበር። አዝማሪው የአንድ ቀን ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዋናው ቅጂ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚባዛው ሁሉ እርሱን አያውቀውም።

መሣሪያውን ሙዚቀኛው ራሱ ሲመርጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገር ወጣ ማለት ያስፈልጋል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር አንድ ካሴት ለብቻቸው ሠሩ። አኮርዲዮናቸውን ያዙ፤ በዚያ ላይ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንቴሳይዘርና በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ጨመሩ። የድሮውን አኮርዲዮን አልጣሉም፤ የአዲሱን ዕቃ ሁሉም ድምፅ ተጠቀሙ የሚያሰኝ ሥራም አልሠሩም። ዕቃው ዜማውን እንዲከተል አደረጉ። ይህ ካሴት ከ20 ዓመታት በላይ ተረስቶ ከቆየ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አግኝቶት በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ እንደ ገና ወጣ፤ ሙዚቀኛውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ከጣና ዳር ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተረፈች አንዲት ካሴት አንድን ሙዚቀኛ ለሁለተኛ ጊዜ አስተዋወቀች። ያቺ ካሴት ብትሰለብ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማሰብ ይከብዳል።

ወደ ምስሉ እንምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ የሙዚቀኛው ምስል በስቱዲዮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተወስኖ ኖሯል። ካሜራው ከባድ ነበር፤ መብራቱ ከባድ ነበር፤ ስለዚህ ሙዚቀኛው ወደ ካሜራው ይሄዳል እንጂ ካሜራው ወደ አዝማሪ ቤት አይመጣም። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዲጂታል ቪዲዮ ካሴት የሚጠቀም፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ካሜራ ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ይህን ለውጥ ከማንም ቀድሞ ለጎንደር ሙዚቃ ያዋለው ጃፓናዊው አጥኚ ኢትሱሺ ካዋሴ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጎንደር እየተመላለሰ ስለ አዝማሪ ልጆች፣ ስለ ላሊበሎች፣ በኋላም ስለ ዛር ፊልሞች ሠርቷል። በጎዳና ስለሚኖሩ ሁለት የጎንደር ልጆች የሠራው አንዱ ፊልም ሙሉ በሙሉ በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ካሜራው ሩቅ ቆሞ አይታዘብም፤ ልጆቹ ቀጂውን በአማርኛ ያናግሩታል፤ እርሱም ይመልሳል። በአዝማሪው ፊልም ልጆቹ ማሲንቋቸውን ይዘው በከተማው ሲዞሩ፣ ሲሸለሙም ሲባረሩም እናያለን። ከሸክላው ዘመን ጀምሮ ተቆርጦ የነበረው እኩሌታ፣ ማለት ታዳሚው፣ ወደ ቅጂው የተመለሰው እንዲህ ባለው አነስተኛ ካሜራ ነው።

ላሊበሎችን ለመቅረጽ ግን ሌላ ችግር አለ። ባልና ሚስት ሆነው በሁለት ድምፅ እያቀባበሉ የሚያዜሙት ጨለማው ሳይገፍ ነው። መብራት አብርቶ የሚጠብቃቸው ካሜራ ያንን ሰዓት ይገድለዋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ካሜራ ምስሉ በትልቅነቱ የሚያስመካ ሳይሆን በትንሽ ብርሃን የሚያይ ነው።

አሁን ያለንበት ዘመን ከካሴቱ ዘመን ጋር የሚመሳሰልበት አንድ ነገር አለ። በየአዝማሪ ቤቱ ታዳሚው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ቅጂው በዚያው ሌሊት በኢንተርኔት ይለቀቃል፤ አዝማሪው ሥራውን የሚያገኘው ከሰው ስልክ ለምኖ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁም መብት ይሰጣል፤ አዘጋጅ የሚለውም ቅጂው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሠራ አስቦ ኀላፊነቱን የወሰደውን ሰው ነው። መሣሪያው የራሱ የሆነ፣ ቅጂውን ያሰበና ያስቀዳ አዝማሪ በዚህ አዋጅ ፊት ሁለት ጊዜ ባለመብት ሆኖ ይቆማል፤ በሰው ስልክ የተቀዳው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ማስረጃውን በሰው እጅ ትቶ። ዕቃ የመግዛቱ ነገር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ፤ ከመሬቱ እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ የሰሜን ተራሮች መንደሮች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ፤ ራስ ዳሽን ራሱ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ይህ ለኮምፒዩተር ምኑ ነው የሚል ይኖራል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ጭንቅላቱ ዲስኩን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ምንጣፍ ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ምንጣፉ ይሳሳል። ስለዚህ አብዛኛዎቹ ሠሪዎች ዲስካቸው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሠራ ወስነው ይጽፋሉ። በጎንደር ከተማ ያለ ችግር የሚሠራው ዲስክ በጃናሞራ ሠርግ ላይ ከወሰኑ ውጭ ነው። የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ማስቀመጫ ይህ ችግር የለበትም፤ በበቅሎ ጭነትም ሲንገጫገጭ አይጎዳም። በደጋ የሚዘዋወር ሙዚቀኛ ከኮምፒዩተሩ ፍጥነት በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው። ብርዱ የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር፣ የክረምቱም እርጥበት በሌንስ ላይ ሻጋታ እንደሚያበቅል አይዘነጋ፤ ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዛል፣ ሌንስም በደረቅ ሣጥን ይቀመጣል።

ሁለተኛው የመብራቱ ነገር ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ነው። ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ዕቃ ሲመጣ በጀርባው የተጻፈውን ሳያነቡ ሶኬት ላይ መሰካት አምፕሊፋየር ማቃጠል ነው። የላፕቶፕና የካሜራ ቻርጀሮች አብዛኛዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ አያስፈሩም። በቪዲዮ ላይ ያለው ጣጣ የረቀቀ ነው። የአሜሪካ ካሜራ በሴኮንድ 30 ምስል እንዲያነሣ ተስተካክሎ ይመጣል፤ የእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ነው። በአዝማሪ ቤት ውስጥ ያለው የሸምበቆ መብራት በ50 ሄርትዝ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት በ1/60 ሴኮንድ ላይ ከሆነ ምስሉ ሲበራና ሲደበዝዝ ይታያል። በብዙ የሠርግ ቪዲዮዎች ላይ የምናየው የሚንቀጠቀጥ ብርሃን መነሻው ይህ ነው። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካሜራውን ወደ 25 ምስልና ወደ 1/50 ሴኮንድ መመለስ ነው። ሲገዛም ይህን ለመለወጥ የማይፈቅድ ካሜራ ቢረክስም አይገዛ።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር እንደሚሻል መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ግን አንድ ነገር መነሣት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ፈቃዱን በየወሩ በኢንተርኔት የሚያድስ የሙዚቃ ሶፍትዌር፣ ሥራውንም በሩቅ አገር ማስቀመጫ ላይ ብቻ ያኖረ ሙዚቀኛ እንዲህ ባለ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሶፍትዌር ቢያንስ ለመቅጃው ሥራ ይመረጥ።

ስለ ድምፁ ብዙ የምንለው አለ፤ ዋናውም ይኸው ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራው የማሲንቆ ክር በዕጣን የታሸ ደጋን ሲነካው የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው፤ ከበሮው ደግሞ ድንገተኛና ከባድ ነው። የስልክ ማይክሮፎን ኀይሉን በራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ከበሮው በተመታ ቁጥር ማሲንቆውን ይውጠዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ኀይሉን በእጅ የሚያስተካክሉበት መቅጃ ነው፤ በ24 ቢት ቀድቶ ለከበሮው በቂ ክፍተት መተው ነው። ማይክሮፎኑ ደጋኑ ዘንድ ሲቀርብ የሚሰማው ፍትጊያ ነው፤ ወደ ሣጥኑ ቆዳ ሲዞር ዜማው ይመጣል። ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገዛው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ስንት መግቢያ ይኑረው የሚለው ክርክር ያለበት ነው። ሻጮች ስምንት መግቢያ ይመክራሉ። በእኛ አስተያየት ለአዝማሪ ቤት ሁለት ይበቃል፤ ሁለት ጥሩ ማይክሮፎኖች አንዱ ወደ ማሲንቆውና ወደ ዘፋኞቹ፣ ሌላው ሆን ተብሎ ወደ ታዳሚው ዞሮ። «ተቀበል» የሚለው ድምፅ ርቆ የሚሰማ የጎረቤት ጩኸት ሳይሆን የዘፈኑ ባለድርሻ ሆኖ መግባት አለበት።

በኮምፒዩተር ድምፅ ላይ ድምፅ ለሚደርቡ ባልደረቦቻችን ደግሞ የመዘግየቱ ነገር አለ። በሴኮንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ መቅጃ ላይ 256 ናሙና የሚያጠራቅም ኮምፒዩተር በአንድ አቅጣጫ 5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ይህም ድምፅ በአየር ላይ ሁለት ሜትር ለመሄድ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ነው። ማሲንቆ መቺና ከበሮ መቺ በዚያ ርቀት ተቀምጠው ዘወትር ይጫወታሉ፤ ስለዚህ አያውክም። ኮምፒዩተሩ አቅም አጥቶ ወደ 1,024 ናሙና ከወጣ ግን ርቀቱ ሰባት ሜትር ይሆናል፤ ያኔ እጅና ጆሮ ይጣላሉ። ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ያለው ኮምፒዩተር መግዛት ለድምፅ ብቻ ከሆነ ትርፍ ወጪ ነው። በኪቦርድ የሚሠሩ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ሌላው ነገር፣ ኮምፒዩተሩ ካልታዘዘ በስተቀር ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል እንደሚከፍል ነው። ትዝታና ባቲ በዚህ ላይ እንደ ምንም ይቀመጣሉ፤ አንቺሆዬ ግን ይጣመማል። እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚፈቅድ ሶፍትዌር በገበያ አለ፤ ሲገዛ ማሲንቆ ይዞ ሄዶ አጠገቡ መሞከር ነው።

ስለ ማስቀመጫው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና የተቀዳ የሁለት ማይክሮፎን ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚቀርጽ አዝማሪ በዓመት 104 ሰዓት ይኖረዋል፤ ድምፁ ብቻ ከሆነ 108 ጊጋባይት፣ ቪዲዮው ከሆነ 2,340 ጊጋባይት። በሁለት ቦታ ሲቀመጥ በእጥፍ ነው፤ ሁለተኛውም ቅጂ በዚያው ቤት ሳይሆን በዘመድ ቤት መሆን አለበት። ስለዚህ ድምፁን ዘወትር፣ ቪዲዮውን ግን ለተመረጠ ሌሊት መቅረጽ የሚያዋጣ ይመስለናል፤ የአቋቋም ትምህርትና እስክስታ ያለበት ጨዋታ ግን ያለ ምስል ትርጉም የላቸውም።

የተቀዳው ሁሉ ስም ያስፈልገዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ የዘፈንን ስም በላቲን ፊደል እያጣመሙ የሚጽፉበት ምክንያት የለም፤ በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም በማንኛውም አዲስ ኮምፒዩተር ይነበባል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ቅኝቱ፣ የማሲንቆ መቺው፣ የዘፋኟና የከበሮ መቺዋ ስም፣ ፈቃዱ ከተገኘም ግጥሙን የወረወረው ታዳሚ ስም ይጻፍ። አባ ጀሮም ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፉት ነበር።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ቢሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። አስቀድሞ በእጅ የሚያስተካክሉት አነስተኛ የድምፅ መቅጃና ሁለት ማይክሮፎን ይገዛ፤ ቀጥሎ ሁለት ማስቀመጫ ይገዛ፤ ከዚያ ካሜራው ይምጣ። ኮምፒዩተሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ድምፁን ለማጣራትና ለመቁረጥ እስከዚያ ከባልደረባ መዋስ ይቻላል።